ቦካ ሰፈር፦ ሙዚየሙን ግቡ፣ ፓኬጁን ተዉት

ቦነስ አይረስ ልሄድ ነው የሚል ኳስ ወዳድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። የቦካ ጁኒየርስ ስታዲየምና ሙዚየም መግባት ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ከሆቴል ደጃፍ የሚሸጠውን የግማሽ ቀን ፓኬጅ ገዝታችሁ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም።

ከፓኬጁ ልጀምር፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ወረቀቱ ላይ ሚኒባስ፣ አስጎብኚ፣ «የሰፈሩ ታሪክ» እና ምሳ ይላል። የሰፈሩ ታሪክ የተባለው ካሚኒቶ ሆኖ ተገኘ፤ ባለ ብዙ ቀለም ቤቶች የተደረደሩባት አጭር መንገድ። ፎቶ ተነሱ፣ የፍሪጅ ማግኔት ግዙ፣ ቶሎ በሉ። አስጎብኚያችን ስለ ማራዶና ጥቂት ነገረን፣ ከዚያ ሜሲ ላይ ሄዶ ቀረ። ሜሲ ለቦካ አንድም ቀን አልተጫወተም! ምሳው ላይ ደግሞ አርጀንቲና ድረስ ሄጄ ከስጋ ጋር ትግል ገጠምኩ፣ ስጋው አሸነፈ። ዋጋውም አይቀመስም።

የሚያናድደው፣ ታሪኩ ያለው እዚያው የቆምንበት ቦታ መሆኑ ነው።

ላ ቦካ የወደብ ሰፈር ነው። ከጣሊያን፣ በተለይ ከጄኖዋ፣ በመርከብ የመጡ ድሆች ሰፈሩበት። ቤታቸውን በእንጨትና በቆርቆሮ ሠሩ፣ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ታጭቆ ይኖር ነበር። ቀለሙ ለቱሪስት ተብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከመርከብ የተረፈውን እያመጡ ነበር የሚቀቡት፣ አረንጓዴው ሲያልቅ በቢጫው ይቀጥላሉ። (ካሚኒቶ ራሷ ግን ዛሬ በምናያት መልክ የተከፈተችው በ1959 ነው፣ ኪንኬላ ማርቲን የሚባል የሰፈሩ ሠዓሊ ባደረገው ጥረት። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የሠራተኛ ሰፈር ስለሆነ ፖለቲካውም ወደ ግራ ያደላ ነበር። በ1904 አልፍሬዶ ፓላሲዮስን መርጦ ፓርላማ የላከው ይኸው ሰፈር ነው፤ በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ሶሻሊስት የፓርላማ አባል ይባላል።

ክለቡን ያቋቋሙት የዚህ ሰፈር ልጆች ናቸው። ባሊየቶ፣ ስካርፓቲ፣ ሳና፣ ሁለቱ የፋሬንጋ ወንድማማቾች፤ አምስት ጎረምሶች። መጀመሪያ ባሊየቶ ቤት ተሰበሰቡ፣ ጫጫታው ሲበዛ ተባረሩ፣ በማግስቱ ኤፕሪል 3 ቀን 1905 ሶሊስ አደባባይ ቁጭ ብለው ክለቡን መሠረቱ ይባላል። ኳሱን ያስተማራቸው ፓዲ ማካርቲ የሚባል አየርላንዳዊ ነው፣ እሱም ቦክሰኛ ነበር። ማልያው መጀመሪያ ሰማያዊና ቢጫ አልነበረም። ወደቡ የምትገባው ቀጣይ መርከብ የያዘችው ባንዲራ ቀለማችን ይሁን ተባባሉ፣ የስዊድን መርከብ ከተፍ አለች። አፈ ታሪክም ብትሉት ቦካዎች እንዲህ ነው የሚያወሩት።

የቦካ ዋና ተቀናቃኝ የሆነው ክለብ ሪቨር ፕሌትም የተወለደው እዚሁ ሰፈር ውስጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1901፣ ከቦካ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በኋላ ሪቨር ወደ ሰሜን፣ ገንዘብ ወዳለበት ወጣ፣ ትልቁን ስታዲየሙንም በ1938 እዚያ ከፈተ። ቦካ ከሰፈሩ ጋር ቀረ። ስለዚህ ጠባቸው የጎረቤት ጠብ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ቢነግረን ስጋውንም ይቅር እለው ነበር።

ሙዚየሙ ስታዲየሙ ውስጥ ነው፣ በ2001 የተከፈተ። የዋንጫው ብዛት ሌላ ነው፤ ስድስት ሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ የክለቦች ዋንጫ) ብቻ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። በ2000 ቶኪዮ ላይ፣ በኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ፣ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 ሲረቱ አጥቂያቸው ፓሌርሞ ሁለቱንም ጎል በመጀመሪያዎቹ 6 ደቂቃዎች ውስጥ ነው ያገባው፤ ያንን ቪዲዮ ሳየው አሁንም ያስቀኛል። ዙሪያውን የሚከባችሁን ፊልምም እንዳታልፉት፣ ተጫዋች ሆናችሁ ሜዳ የገባችሁ ያህል ነው። እኔ ብዙ የቆየሁት ግን ማልያዎቹ ጋ ነው። ቢጫው መስመር ድሮ በሰያፍ ነበር፣ በ1913 ገደማ ነው ደረት ላይ አግድም የሆነው። ዋንጫውን ብቻ አይታችሁ ከሮጣችሁ ግማሹን ከፍላችሁ ትታችሁት ወጣችሁ።

ትኬት ስትቆርጡ ስታዲየሙንም የሚጨምረውን ያዙ። ቦምቦኔራ (ስታዲየሙ የሚጠራበት ስም ነው) በቲቪ ከሚታየው ያንሳል፣ ሜዳው ዳር ስትቆሙ ግን ደረጃው አናታችሁ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ሦስቱ ጎን ቀጥ ብሎ የተቆለለ መቀመጫ ነው፣ አራተኛው ግን ጠፍጣፋ፣ ግድግዳ ነገር ነው። ምክንያቱ መሬት ነው፤ ሰፈሩ ጠባብ፣ በዚያ በኩል መስፋት አልተቻለም። በሜይ 25 ቀን 1940 ሲመረቅ ሁለት ፎቅ ነበር፣ ሦስተኛው የተጨመረው በ1953 ነው። ከጎሉ ኋላ፣ ቆመው የሚዘፍኑት ያሉበት፣ በእኛ አነጋገር ካታንጋ ነው። የእንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ከእነሱ ሥር ነው፣ ሆን ተብሎም ይሁን አይሁን ያስጨንቃል። ጠፍጣፋው ጎን ላይ ደግሞ የማራዶና ሎጅ፣ ጨዋታ የሚያይባት የግል ክፍል፣ አለ፤ ኖቬምበር 25 ቀን 2020 የሞተ ዕለት ማታ የስታዲየሙ መብራት ሁሉ ጠፍቶ እሷ ብቻ በርታ ነበር።

ጨዋታ ማየት ለምትፈልጉ ነገሩ ከበድ ይላል። ክለቡ የአባላት ነው፤ ባለሀብት የለውም፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። በዲሴምበር 2023 ከ40 ሺህ በላይ አባላት ድምፅ በሰጡበት ምርጫ ነው የቀድሞው የቦካ ኮከብ ተጫዋች ሪኬልሜ ፕሬዚዳንት የሆነው። መቀመጫውም ለእነሱ ነው የሚበቃው፣ ያውም ለሁሉም አይበቃም። ቱሪስት የሚገባው በደላላ እጅ ነው፣ ደላላ ደግሞ ደላላ ነው፤ ገንዘብ አስቀድማችሁ እንዳትልኩ። የጨዋታ ቀን የስታዲየሙ ጉብኝት ስለሚገደብ መርሐ ግብሩን አይታችሁ ሂዱ።

ስለ ጸጥታው፦ ቀን በካሚኒቶና በስታዲየሙ መካከል ሰው አይጠፋም፣ ከዚያ ውጭ ያሉ ጭር ያሉ መንገዶችን ተዉ፣ ሲመሽ ታክሲ ያዙ። ስትሄዱ ግን ከመሀል ከተማ 29 እና 152 ቁጥር አውቶቡስ እዚያው ያደርሳችኋል። ሱቤ የሚባለውን የጉዞ ካርድ ኪዮስክ ገዝታችሁ አስሞሉት፤ ሒሳቡ ከፓኬጁ ጋር ሲነጻጸር የሳንቲም ያህል ነው።