የዳውላታባድ ምሽግ፦ ጉልበት ላለው አስር ከአስር

ህንድ ልሄድ ነው የሚል ሁሉ የሚጠይቀኝ ታጅ ማሃልን ነው። እኔ ፑኔ የሚባል ከተማ ስለምማር መልሴ አውራንጋባድና አቅራቢያዋ ያለው የዳውላታባድ ምሽግ ነው። ከተማዋ በ2023 እ.ኤ.አ. ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል፤ ሹፌሮቹ ግን በድሮውም ይግባባሉ። ከፑኔ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባን ያጥለቀለቃት ባጃጅ ከሚሠራባቸው ፋብሪካዎች አንዱ እዚሁ ከተማ ዳር ዋሉጅ የሚባል ሰፈር ነው።

አክስቴ ለህክምና መጥታ ስትጨርስ "ሆስፒታል ብቻ አይቼ አልመለስም" አለች። ይዣት ሄድኩ።

ምሽጉ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የውጭ ዜጋ ለመግቢያ ከአገሬው ሰው ከአስር እጥፍ በላይ ይከፍላል። አክስቴ ዋጋውን ስትሰማ "እንዴ፣ እዚህ ደግሞ እኛ ፈረንጅ ሆንን?" አለች። ቢሆንም ገንዘቡ አይቆጭም።

ዳውላታባድ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ፣ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አለት ነው። የታችኛውን ወገብ ዙሪያውን ጠርበው ቀጥ ያለ ግድግዳ አድርገውታል። ከሥሩ ደግሞ አለቱን ቆፍረው የውሃ ጉድባ ሠርተዋል። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግላቅ በ1327 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማዬ ይሁን ብሎ ሕዝቡን ከዴልሂ እስከዚህ ያስነዳው ወዶ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። የሰውን ድካም አስቡት።

በሮቹ ላይ ዝሆን በግንባሩ እንዳይገፋ የተተከሉ ትልልቅ የብረት ሾሎች አሉ። አንዱን በር አልፋችሁ ቀጥ ብላችሁ አትሄዱም፤ መንገዱ ይጠማዘዛል። ቻንድ ሚናር የሚባለው ከ60 ሜትር በላይ የሆነ ማማ እዚሁ ታች ነው፤ ወደ ላይ መውጣት ግን አይፈቀድም። አክስቴ ከማማው ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ አለችና "ሂጂ አንቺ፣ እኔ ዝንጀሮዎቹን እጠብቃለሁ" አለችኝ። እውነትም ዝንጀሮ አለ። ብስኩታችሁን ደብቁ።

አስጎብኚ መያዝ ያለባችሁ ለጨለማው መተላለፊያ ነው። አለቱ ውስጥ የተፈለፈለ ጠመዝማዛ ዋሻ ነው፤ ደረጃው አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ የሌሊት ወፍ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የኔ አስጎብኚ መሀል ላይ ባትሪውን አጠፋው። እጄን ዓይኔ ስር ባመጣውም አይታይም። ከዚያ በግራ በኩል ትንሽ ብርሃን ብልጭ አለ። "ጠላት መውጫ መስሎት ወደዚያ ይሮጣል፤ የሚወድቀው ጉድባው ውስጥ ነው" አለኝ። ዋሻውን አልፎ የሚደርስ ካለ ደግሞ ከላይኛው አፍ ላይ ከሰል አቀጣጥለው በጭስ ያፍኑት ነበር። ይህን ያሰበው ሰው ክፉ ነው፣ ግን ጎበዝ ነው።

ቤተ መንግሥት ብላችሁ የመጣችሁ ከሆነ ቺኒ ማሃልን እዩ። የቀረው ጥቂት ሰማያዊ ሸክላ የተለጠፈበት ፍርስራሽ ነው። ጎልኮንዳ የሚባለው የደቡብ ህንድ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ አቡል ሐሰን፣ ሰፊውን ህንድ ይገዙ ከነበሩት ሙጓሎች ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ተይዞ እስኪሞት የታሰረው እዚህ ነው። ከአጠገቡ ካለው መድፍ ጀርባ ዞር በሉ፤ ቂጡ ላይ የበግ ጭንቅላት ተቀርጾበታል፣ ቀንዱ ሳይቀር።

አስጎብኚው ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ "ማሊክ አምባር!" ብሎ ጨበጠኝ። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሽጦ፣ ባግዳድን አቋርጦ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። አህመድናጋር የሚባለው የዚህ አካባቢ ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ የሙጓሎችን ጦር ዓመታት ሙሉ አላስቀምጥ ብሏል። የዛሬዋን አውራንጋባድ ኪርኪ ብሎ የቆረቆራት እሱ ነው፣ በ1610 እ.ኤ.አ.። ከመሬት በታች በተዘረጋ ቦይ ውሃ አምጥቶላታል። የሙጓሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ቢያቅተው፣ የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቶ ተጽናና። መቃብሩ ኩልዳባድ ነው፣ ከምሽጉ አልፎ። እኛ ስንደርስ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

ቢቢ ካ ማቅባራንም አይተናል። ለሞተችው የአውራንግዜብ ሚስት መታሰቢያ የተሠራ፣ ታጅ ማሃልን የሚመስል ሕንፃ ነው። ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ምሽጉን አይቶ ለመጣ ግን ቀዝቀዝ ይላል።

አንድ ያናደደኝ ነገር፦ የያዝነው ሹፌር ሳንጠይቀው የሻሽና የሳሪ ሱቅ ደጃፍ ላይ አቆመን። ባለሱቁ ኮሚሽን እንደሚሰጠው ግልጽ ነው። ሂምሩ የሚባለው ጨርቅ በእውነት ያምራል፣ ግን ሹፌር ሲወስዳችሁ ሳይሆን ራሳችሁ ስትፈልጉ ግዙ። ስትነሱ "ሱቅ የለም" ብላችሁ ተዋዋሉ።

ለምሳ ናን ቃሊያ ብሉ። ሥጋው ረጅም ሰዓት የበሰለ ቀይ መረቅ ውስጥ ነው፣ የኛን ቀይ ወጥ ያስታውሳል። አክስቴ ሆስፒታል ያልቀመሰችውን ያህል እዚህ በላች።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አለቱ ያቃጥላል። ውሃ ከታች ያዙ፣ ሸራ ጫማ አድርጉ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዋሻው በፊት ይቅር። ከአለት የተፈለፈሉትን የኤሎራ ዋሻ ቤተ መቅደሶች በዚያው ቀን ማየት ከፈለጋችሁ ማክሰኞ ዝግ ናቸው።