ቤት ለዋለ ሰው ፖድካስት ለምትጭን እህታችን፤ ምስጋናና ጥቆማ

እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የተኛ፣ ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ ደረጃ እንዳይወርድ የተነገረው ወይም ዓይኑ ደክሞ ጋዜጣ ማንበብ የተወ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። በዕድራችን የታመመ የምንጠይቅ ሰዎች ተማክረን ጻፍነው። አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ከስልክ ጥገና ጎን ለጎን ፖድካስት፣ ማለትም ከኢንተርኔት ወርዶ የሚደመጥ የድምፅ ዝግጅት፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ የምትጭን አንዲት እህት አለች። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳንጽፍ ስለጠየቀችን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይገባታል።

ሚሞሪ የሚጭን ሰው በከተማችን ሞልቷል። እሷ ግን ከመጫኗ በፊት ትጠይቃለች። አድማጩ የሚሰማው በስልክ ነው ወይስ ሚሞሪ በሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ? ሁለቱም ጆሮው ደህና ነው? ቀን ቀን ቁልፍ የሚጫንለት ሰው አጠገቡ ይኖራል? ሥራው የሚወሰነው በመልሱ ነው።

ለአረጋውያን ትንሿ ሬዲዮ ከስልክ ትሻላለች፤ ቁልፏ ጥቂት ነው፣ መሃል ላይ ጥሪ አይገባባትም። ነገር ግን የራሷ ጠባይ አላት። ብዙዎቹ የሚያነቡት ኤምፒ3 የሚባለውን የድምፅ ፋይል ዓይነት ነው። ኤም4ኤ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፋይል ሲገባባቸው ዝም ይላሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ሚሞሪውም ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት መደረግ አለበት። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑት ኤክስፋት በሚባል ሌላ አደረጃጀት ተዘጋጅተው ስለሚሸጡ ብዙ ሬዲዮ አያያቸውም። ስለዚህ 32 ጊጋ ግዙ ትላለች። ያንሳል ብላችሁ አትስጉ፤ ንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሆነ ጥራት ሲቀመጥ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 32 ጊጋ ላይ ወደ 1,000 ሰዓት ይገባል።

ብዙ ጫኞች የሚስቱት ተራው ላይ ነው። ርካሽ ሬዲዮኖች በአብዛኛው ፋይሎቹን የሚያጫውቱት በስማቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን በተገለበጡበት ተራ ነው። አንድ ላይ ጎትቶ የገለበጠ ሰው ክፍል 3ን ከክፍል 1 አስቀድሞ ሊያሰማ ይችላል። እሷ አንድ በአንድ፣ በተራ ትገለብጣለች። ሬዲዮው ሲጠፋ ያቆመበትን ደቂቃ የማያስታውስ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩሉን ጨዋታ በ15 በ15 ደቂቃ ትቆራርጠዋለች፤ ባትሪ ቢያልቅ ወይም አድማጩን እንቅልፍ ቢጥለው ወደ ኋላ የሚመለሰው ቢበዛ ያችን 15 ደቂቃ ነው። ስትቆርጥም ተናጋሪው ትንፋሽ የወሰደበትን ቦታ ፈልጋ ነው፤ ቃል ለሁለት አትከፍልም።

አንዱ ጆሮው ለደከመ ሰው በኢርፎን የሚሰማውን ድምፅ ወደ ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ወደሚሰማበት፣ ትቀይራለች። አንዳንድ ፖድካስት ጠያቂውን በግራ፣ እንግዳውን በቀኝ አድርጎ ይቀዳል፤ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ጥያቄውን ሰምቶ መልሱን ያጣል። ስልክ ላይ ከሆነ ፋይሉን መንካት ሳያስፈልግ በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ሞኖ የሚለውን ማብራት ይበቃል።

የአማርኛ የፋይል ስም በትንሽ ሬዲዮ ስክሪን ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ስለሚወጣ ስሞቹን ቁጥር ታደርጋቸዋለች። ርዕሶቹን በትልልቁ አትማ ከቁጥራቸው ጋር በወረቀት ትሰጣለች። ማጫወቻው ቁልፍ ላይ ደግሞ የጥፍር ግማሽ የምታክል የጨርቅ ፕላስተር ትለጥፋለች፤ በጨለማ ጣት በዳበሳ እንዲያገኘው። ለዚህ ለዚህ ነው የምናመሰግናት።

ከመጫኗ በፊት ሚሞሪውንም ትፈትሻለች። 128 ጊጋ ነኝ እያለ እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ የሆነ አስመሳይ ካርድ ገበያ ላይ አለ። ሲገለበጥ ምንም አይልም፤ ከ8 ጊጋ በኋላ የገባው ግን ሲከፈት ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም አላት። ሰዓታት ስለሚፈጅ ካርዱን ለአንድ ቀን ትታችሁላት ሂዱ።

የምትጭነው ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲወርድ የለቀቁትን ብቻ ነው፤ በዋጋ የሚሸጥ የድምፅ መጽሐፍ ገልብጪልን ብትሏት እሺ አትልም፣ ትክክልም ናት። ዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅቶቹን ለማውረድ በሚመች መልኩ ያስቀምጣል፤ የዓለምን ፖለቲካ ከሥር ከመሠረቱ መረዳት ለሚፈልግ ማኅደረ ዜና፣ ሳይጨነቅ ቁም ነገር መስማት ለሚሻ የጤናና የሳይንስ ዝግጅቶቹ ጥሩ ናቸው። የአውስትራሊያው ኤስ ቢ ኤስ አማርኛ አጫጭር ስለሆነ ቶሎ ለሚደክመው ሕመምተኛ ይስማማል። እንግሊዝኛውን ማሻሻል ለሚፈልግ ወጣት የቢቢሲ የ6 ደቂቃ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ ለሚወድ ደግሞ ያዩት ሰዎች ራሳቸው የሚናገሩበት የቢቢሲ ዊትነስ ሂስትሪ አለ። ለተኛ ሰው ወንጀልና አደጋ ላይ ያተኮረ ዝግጅት ለማታ አትምረጡ፤ እንቅልፍ ይነሳል።

የሸገር 102.1 ዝግጅቶች፣ የእሸቴ አሰፋ መቆያና የመዓዛ ብሩ የጨዋታ እንግዳ፣ በስልክ ከጣቢያው የዩቲዩብ ገጽ ቢደመጡ ይሻላል። ምስሉ ቋሚ ፎቶ ሲሆን የምስሉን ጥራት ወደ 144 ዝቅ አድርጉት፤ ለንግግር ይበቃል፣ ዳታ ይቆጥባል። በእኛ ግምት ለረጅም የቤት ቀን ከጨዋታ እንግዳ የሚስተካከል የለም፤ እንግዳው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይቻኮል ስለሚያወራ አድማጩ እንግዳ ቤቱ የመጣለት ያህል ይሰማዋል።

አንድሮይድ ስልክ ላላቸው አንቴናፖድ የሚባለውን ነፃ አፕ ትጭናለች። አካውንት አይጠይቅም። በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ፣ የተሰማውን ራሱ እንዲያጠፋ፣ ማታ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋ አስተካክላ ነው የምታስረክበው። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ከኋላ እየገደለው አዲስ ክፍል መውረድ የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ በባትሪ ቅንብር ውስጥ ለአፑ ገደቡን ማንሳት ይፈታዋል።

ስትሄዱ ሬዲዮውን ከነባትሪውና ከነቻርጀሩ ያዙ፤ እዚያው አጫውታ ካላረጋገጠች አታስረክብም። ዋጋዋን ሥራ ሳትጀምር ትናገራለች። ሬዲዮው እየሠራ ሚሞሪውን መንቀል ፋይሎቹን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ቤት ስትደርሱ ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።