ሰው የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት

ባለፈው ሳምንት ሰው ተዋስኩ። በውሰት ጠረጴዛው ላይ ስሜን አስመዝግቤ፣ የአጠቃቀሙን ደንብ አንብቤ፣ «መጽሐፉን» በተረከብኩበት ሁኔታ እንደምመልስ ከፈረምኩ በኋላ 30 ደቂቃ ተፈቀደልኝ። አገልግሎቱ «የሰው ቤተ መጻሕፍት» ይባላል። በበሽታው፣ በአካሉ ሁኔታ፣ በእምነቱ፣ በቀለሙ ወይም ባሳለፈው ሕይወት ምክንያት ሌላው የሚሸሸው ወይም የሚጠረጥረው ሰው በገዛ ፈቃዱ «መጽሐፍ» ይሆናል፤ አንባቢው ደግሞ ሌላ ቦታ ቢያነሣው ነውር የሚሆንበትን ጥያቄ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል።

ሐሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በዴንማርክ፣ በሮስኪልደ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ነው። ሮኒ አበርጌልና ባልደረቦቹ ለ4 ቀናት፣ በቀን ለ8 ሰዓታት፣ ከ50 በላይ «ርዕሶችን» ለውሰት አቅርበው ከ1,000 የሚበልጡ አንባቢዎችን አስተናግደዋል፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ከ80 በላይ አገሮችን አዳርሷል። እኔ የተካፈልኩበት መድረክ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የማነሣው ምስጋናም ሆነ ቅሬታ የሚመለከተው ያንን መድረክ ብቻ ነው።

የርዕሶቹ ዝርዝር በአንዲት ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ የቀድሞ እስረኛ፣ ስደተኛ፣ መስማት የተሳናት እናት፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር፣ መንገድ ላይ ያደገ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት። ጣቴ «ስደተኛ» ላይ አረፈ። ስለ ስደተኞች ብዙ ያነበብኩና ክፉ ሲነገርባቸው የምከራከርላቸው ሰው ስለሆንኩ፣ ለካ እየመረጥኩ የነበረው አስቀድሜ ያለፍኩትን ፈተና ነው። አዋሹ ይህን የለመደው ሳይሆን አይቀርም፤ ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ዓይንዎ የዘለለው ርዕስ የትኛው ነው?» አለኝ። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ካየሁት ሁሉ የላቀው ይህ ጥያቄ ነው። በበራሪ ወረቀታቸው ላይ ስለ መቻቻልና ስለ አብሮነት የሚያትተው ረጅም ጽሑፍ እንዳለ ወጥቶ ይህች አንዲት ጥያቄ ብትተካበት ወረቀቱ የበለጠ ይናገር ነበር።

የዘለልኩት የመጨረሻውን ነው። የ12 ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንዲት የክፍላችን ልጅ በትምህርት መካከል ወደቀች፤ ተንፈራገጠች፣ አረፋ ደፈቀች። እኛም ተተራምሰን ወደ በሩ ሸሸን። በማግሥቱ ዴስኳ ላይ ብቻዋን ነበረች፤ እስከዚያን ቀን አብሯት ይቀመጥ የነበረው ልጅ እኔ ነበርኩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ይህን በማወቄም ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ኖሬአለሁ።

«መጽሐፌ» ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ፣ አገጫቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ያለባቸው ሴት ነበሩ። ገና ከመቀመጤ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀድተው አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ብርጭቆው ንጹሕ ነው፣ ማንም አልጠጣበትም፣ እርሳቸውም የነኩት በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እጄ አያውቅም። አይተውኛል። ምንም ሳይሉ የራሳቸውን አንሥተው ጠጡ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በሙሉ እዚህ ላሰፍረው አልፈልግም፤ የእርሳቸው ነው። አንዱን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። «ሲጥለኝ እኔ የለሁም፤ የሚከብደኝ ስነቃ ነው። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ጫማ ነው፣ ራቅ ብሎ የቆመ ብዙ ጫማ» አሉኝ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ 11 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጥሏቸው አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ጎረቤታቸው እስከ ዛሬ ልጇን አታሳቅፋቸውም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በአግባቡ ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጎረቤትየዋ ይህን ቁጥር ብትሰማው እጇ ይታዘዝላት እንደሆነ እኔ ከራሴ እጅ ተነሥቼ እጠራጠራለሁ። ሰው ሲወድቅ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃቸው «ጫማህን ይዘህ ቅረብ» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለውም ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ እንደሚገባኝ፣ ይዤ እንዳልታገለው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳልከት፣ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ እንዳስተኛው፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሐኪም እንድጠራ አንድ በአንድ አስረዱኝ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስቀመጠው፣ የተራራቁ ወገኖች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን የሚያለዝበው በእኩልነት ሲገናኙ፣ ለጋራ ዓላማ ተባብረው ሲሠሩና ተቋም ወይም ሕግ ሲደግፋቸው ነው። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም፣ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ እንደሚበረታ ደርሰውበታል። ቅሬታዬ የሚነሣው ከዚሁ ከእኩልነቱ ነው። ጠያቂው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ የሚገላለጠው ሁልጊዜ የእርሳቸው ሕይወት ነው። ደረታቸው ላይ የተለጠፈው ካርድ «የሚጥል በሽታ ያለባት» ይላል፤ የእኔ ደረት ላይ «ጓደኛውን ጥሎ የሸሸ» የሚል ካርድ አልተለጠፈም። በዚያን ቀን እኔ አራተኛ አንባቢያቸው ነበርኩ፤ ለድካማቸው አይከፈላቸውም፤ በመካከል የተሰጣቸው ዕረፍትም ለሻይ እንኳ የማይበቃ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ የአጎራባቹ «መጽሐፍ» የእስር ቤት ታሪኩን ሲተርክ ቃል በቃል ይሰማኝ ነበር፣ የእኛም ለእርሱ እንደዚያው። አዘጋጆቹ ቢያንስ ይህን ማስተካከል አያቅታቸውም።

ያም ሆኖ ነጥብ ስጥ ብባል ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ ከአራቱ ሁለቱ የአዋሹ ናቸው። የሚሄድ ሰው ካለ ብቻውን እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ከወዳጅ ጋር የተቀመጠ ሰው ለወዳጁ ሲል ጨዋ ጨዋ ጥያቄ እየጠየቀ ሰዓቱን እንደሚያቃጥል በአጠገባችን አይቻለሁ።

ደወሉ ሲደወል የመመለሻ ቅጹን ሰጡኝ። «መጽሐፉ እንዴት ነበር?» ይላል፤ ስለ አንባቢው የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ይህን ለ«መጽሐፌ» ጠቆምኳቸውና ስለ እኔ ሙሉ ቢባሉ ምን እንደሚጽፉ ጠየቅኋቸው። በጨዋታችን መካከል ባዶ ያደረግሁትን ብርጭቆ አንሥተው አዩት።

«ጠጥቷል፣ ግን ዘግይቶ ነው ብዬ እሞላልህ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።