ስቲል፣ ሁስክቫርና እና ኤኮ፦ ለደጋ የሚሆነው ሞተር መጋዝ የትኛው ነው?

ሞተር መጋዝ ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሻጩ የሚነግረውን የኪሎዋት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚሰላው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳና ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ከአራት እጅ አንዱ ገደማ ጎደለ ማለት ነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። 3 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠ መጋዝ በእነዚህ ቦታዎች ባህር ዛፍ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው 2.3 ቢሆን ነው። አብዛኞቹ የሞተር መጋዝ ንጽጽሮች የሚጻፉት በዝቅተኛ ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች በመሆኑ ይህን አያነሡም። በደጋ ለሚሠራ ባለሙያ ግን የምርጫው መነሻ መሆን ያለበት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከትንሹ መደብ ልጀምር። የስቲል ኤምኤስ 261 የሲሊንደሩ መጠን 50.2 ሲሲ ሲሆን 3.0 ኪሎዋት ጉልበትና 4.9 ኪሎ ክብደት አለው። የሁስክቫርናው 550 ኤክስፒ ማርክ 2 50.1 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ተመሳሳይ ሆኖ ክብደቱ 5.3 ኪሎ ነው። አጣና ለመቁረጥ፣ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ለመመልመልና የማገዶ እንጨት ለማዘጋጀት ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው፤ በክብደት ረገድ ስቲል ይቀድማል። ይሁን እንጂ ወፍራም ግንድ በየቀኑ ለሚጥልና ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው በደጋ አየር ይህ መደብ አይበቃም። መጋዙን በጉልበት እየተጫኑ መቁረጥ ደግሞ ሠራተኛውንም ሞተሩንም ይጎዳል።

ከባዱን ሥራ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው መደብ 70 ሲሲ አካባቢ ያለው ነው። እዚህ ላይ የስቲል ኤምኤስ 462 በ72.2 ሲሲ 4.4 ኪሎዋት ሰጥቶ 6.0 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ የሁስክቫርናው 572 ኤክስፒ በ70.6 ሲሲ 4.3 ኪሎዋት ሰጥቶ 6.6 ኪሎ ይመዝናል። አምራቾች የሚጽፉት ክብደት ባሩን (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት)፣ ሰንሰለቱን፣ ቤንዚኑንና ዘይቱን አይጨምርም፤ እነዚህ ሲገቡ የ50 ሳንቲሜትር ባር ያለው መጋዝ ከሁለት ኪሎ በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሌላ 600 ግራም ከጧት እስከ ማታ ጎንበስ ቀና እያለ ለሚመለምል ሰው ወገቡ ላይ የሚታወቅ ልዩነት ነው። ዛፍ መጣልና መመልመል ዋና ሥራው ለሆነ ሰው እኔ ያለ ጥርጥር 462ን እመክራለሁ።

ሁስክቫርናው ግን በአንድ ነገር ልቤን ይማርከዋል፤ እሱም አቧራን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደው አየር የአየር ፊልትሮው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ የሚሽከረከረው የማቀዝቀዣ ማራገቢያ ከባድ ከባዱን ብናኝ በሽክርክሪት ኃይል ወደ ውጭ ይወረውረዋል። በበጋ ወራት፣ መሬት ላይ ተጎትቶ ልጡ አፈር የጠጣ ግንድ በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ፊልትሮው ቶሎ ስለማይደፈን መጋዙ ጉልበቱን ጠብቆ ይውላል። ግንድ በሚከማችበትና ዋናው ሥራ መቆራረጥ በሆነበት ቦታ የ572 ተጨማሪ ክብደት ያን ያህል አያስቸግርም፤ መጋዙ ግንዱ ላይ ተደግፎ ስለሚሠራ ብዙውን ክብደት የሚሸከመው እንጨቱ ነው።

እዚህ ከማነሣቸው የስቲል መጋዞች ሁሉ የሚልቀው በ2019 ለገበያ የቀረበው ኤምኤስ 500አይ ነው። ካርቡራተር የለውም፤ ቤንዚኑን እየመጠነ የሚረጨው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። በ79.2 ሲሲ 5.0 ኪሎዋት የሚሰጥ ሲሆን 6.2 ኪሎ ይመዝናል። ይህም ለአንድ ኪሎዋት 1.24 ኪሎ ብቻ ማለት ነው። አምራቹ እንደሚለው ሰንሰለቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት 0.25 ሰከንድ ነው። በደጋ አየር አራተኛ እጁን ቢያጣ እንኳ የሚቀረው ጉልበት በዝቅተኛ ቦታ የሚሠራ የ60 ሲሲ መጋዝን ያህላል። ጉድለቱ ዋጋውና ጥገናው ነው፤ ቤንዚን የሚረጨው መርፌ ወይም መቆጣጠሪያው ቢበላሽ ብልሽቱን ለማንበብ የኩባንያው የምርመራ መሣሪያ ያለው ወኪል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ወኪል በቅርብ ከሌለ፣ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ በትንሽ ዕቃ ምክንያት ለወራት ሊቆም ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ካርቡራተሩ የሚስተካከልበት መንገድ ከፈረስ ጉልበቱ እኩል ሊታይ ይገባዋል። ሲ-ኤም የሚል ምልክት ያላቸው ኤምኤስ 261 እና 462 ኤም-ትሮኒክ፣ 550 እና 572 ደግሞ ኦቶቱን የተባለ ሥርዓት ስላላቸው ሞተሩ የአየሩን መሳሳት ራሱ ተረድቶ ቤንዚኑን ይመጥናል። በእጅ የሚስተካከል ካርቡራተር ያለው መጋዝ ግን በቆላ እንደተስተካከለ ወደ ደጋ ቢወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የበለጠ አደገኛው የተገላቢጦሹ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ መጋዝ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ጋምቤላ ቢወርድ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ ሲሊንደሩ በቂ ቅባት አያገኝም፤ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ይህን በጆሮው ይለየዋል። ሰንሰለቱ እንጨት ሳይነካ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ድምፁ ትንሽ ሊንተባተብ፣ እንጨቱን ሲነክስ ደግሞ ሊጠራ ይገባል። ባዶውን ሳይንተባተብ ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ሥራው ቆሞ ካርቡራተሩ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ቡድን በእጅ የሚስተካከለው ካርቡራተር የራሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ትንሽ ካቻቪቴና አንድ የሰለጠነ ጆሮ ይበቁታል። በዚህ ረገድ የስቲል ኤምኤስ 382 እና የመጀመሪያው የሁስክቫርና 372 ኤክስፒ አሁንም ክብር ይገባቸዋል። አንዱ 72.2፣ ሌላው 70.7 ሲሲ ሲሆኑ ሁለቱም 3.9 ኪሎዋት ይሰጣሉ፤ ክብደታቸውም 6.2 እና 6.1 ኪሎ ነው። በመጋዙ ችሎታ ከመከራከር ይልቅ በአካባቢው የማንኛው ፒስተን፣ የማንኛው የጀማሪ ገመድና የማንኛው የዘይት ፓምፕ እንደሚገኝ ሜካኒኩን ጠይቆ መወሰን ይሻላል።

የጃፓኑ ኤኮ በዚህ ንጽጽር ውስጥ የሚገባው በዋጋው ነው። ሲኤስ-590 የተባለው 59.8 ሲሲ መጋዝ አሜሪካ ውስጥ ከኤምኤስ 500አይ ዋጋ ከግማሽ በታች ይሸጣል፤ አሠራሩ ጠንካራ፣ ካርቡራተሩም በብሎን የሚስተካከል ነው። ነገር ግን 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ72 ሲሲው 462 ጋር እኩል ማለት ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ለሚሠራ ሰው ጥሩ ግዢ ነው፤ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው ግን በዋጋው ያተረፈውን በድካም ይከፍለዋል። ከአሜሪካ ገዝቶ ለቤተሰቡ ሊያመጣ የሚያስብ ወገን ደግሞ፣ አንዴ ቤንዚን የገባበትን ሞተር መጋዝ አብዛኞቹ አየር መንገዶች በሻንጣ እንደማይቀበሉ ቢያውቅ መልካም ነው። መጋዙ ከነማሸጊያው፣ ፈጽሞ ሳይነሣ መምጣት አለበት።

ዋጋ ሲነሣ አስመስሎ የተሠራውን ዕቃ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም በስቲልና በሁስክቫርና ቀለምና ቅርጽ የሚመረቱ ቅጂዎች በብዙ አገሮች ገበያ ውስጥ አሉ። የስቲል ተከታታይ ቁጥር ሞተሩ አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በወረቀት ብቻ ተለጥፎ ከመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው። የሰንሰለቱ ፍሬን ወደፊት ሲገፋ ቀጭ ብሎ መያዝና ሰንሰለቱን ወዲያው ማቆም አለበት። ይህ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ ባሩ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ ሲዘል አንገቱን የሚያድነው እሱ ነው። በአውሮፕላን የማይጓዝ መጋዝ ከሆነ፣ ሒሳብ ከመከፈሉ በፊትም ሻጩ መጋዙን አስነሥቶ እንጨት ላይ እንዲያሳርፈው፣ ፍሬኑንም ሰንሰለቱ እየዞረ እንዲፈትነው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ አለመግዛት ነው።