የኦፋክ የማዕቀብ ስም መፈለጊያ፦ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ፣ ለማረጋገጫ አይበቃም

የአሜሪካ ግምጃ ቤት የውጭ ንብረቶች ቁጥጥር ቢሮ፣ በተለምዶ ኦፋክ የሚባለው፣ ማዕቀብ የጣለባቸውን ሰዎችና ድርጅቶች የምንፈልግበት ገጽ ነፃ ነው። ምዝገባም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። በሰብዓዊ መብት ጥሰት ስሙ የሚነሳ የጦር መኮንን በእርግጥ ማዕቀብ ተጥሎበት እንደሆነ ለማየት ከዚህ መጀመር ተገቢ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ባዶ ውጤት ሲመጣ "ሰውየው ነፃ ነው" ብለው ሲደመድሙ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ የስም ተመሳሳይነት ነጥቡ ነው። ገጹ ሲከፈት 100 ላይ ስለሚቆም ፊደል በፊደል የገጠመውን ብቻ ያወጣል። ለእኛ አካባቢ ስሞች ይህ አይሠራም። የኤርትራን ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፊሊጶስ ወልደዮሐንስን እንውሰድ፦ በላቲን ፊደል ስማቸው በኤፍም በፒም ተጀምሮ ይጻፋል፣ የአባታቸው ስም ደግሞ ተያይዞም ተነጣጥሎም ይገኛል። ነጥቡን ወደ 85 ማውረድ ይረዳል እንጂ ሁሉንም አይፈታም። መፈለጊያው ከሚጠቀምባቸው ስሌቶች አንዱ፣ ሳውንዴክስ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ስለሚይዝ ኤፍን ከፒ ጋር አያገናኝም። ጃሮ ዊንክለር የተባለው ሌላው ስሌትም ለስሙ መነሻ ፊደላት ተጨማሪ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ የአባት ስም ብቻ አስገብቶ መፈለግ፣ ከዚያ የራስን ስም በየአጻጻፉ መሞከር ይሻላል። ቢሮው ይህን ነጥብ ተጠቀሙ ብሎ አይመክርም፤ ኃላፊነቱ የፈላጊው ነው።

"አገር" የሚለው ሳጥን ደግሞ ዜግነትን ሳይሆን አድራሻን ነው የሚያጣራው። መኮንኖች ብዙ ጊዜ አድራሻ ሳይጻፍላቸው ስለሚመዘገቡ አገር መርጦ መፈለግ ራሱ ሰውየውን ይሰውረዋል። ባዶ ተዉት።

በማዕቀብ ፕሮግራም ማጣራት የሚቻለው ታሪኩን ለሚያውቅ ነው። ጄኔራል ፊሊጶስ ማዕቀብ የተጣለባቸው ኦገስት 23 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) የሰብዓዊ መብት ጣሾችንና ሙሰኞችን በሚቀጣው በዓለም አቀፉ የማግኒትስኪ ፕሮግራም ሥር ነው። ኢትዮጵያን የሚመለከተው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ 14046 የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 17 ነው፤ የኤርትራ መከላከያ ሠራዊት እንደ ተቋም የተመዘገበው በኖቬምበር 12 በዚሁ ትዕዛዝ ነው። የኢትዮጵያን ፕሮግራም ብቻ የመረጠ ሰው ሠራዊቱን ያገኛል፣ አዛዡን አያገኝም።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው፦ የቪዛ እገዳ እዚህ የለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ሕጉ አንቀጽ 7031(ሐ) የሚያግዳቸው ባለሥልጣናት አሜሪካ እንዳይገቡ ይከለከላሉ፣ ንብረታቸው ግን አይታገድም፤ ስለዚህ ወደዚህ ዝርዝር አይገቡም። የማያንማሩ ጄኔራል ሚን አውንግ ህላይንግ በጁላይ 2019 ቪዛ ተከለከሉ፣ ንብረታቸው የታገደው ግን በዲሴምበር ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት ስማቸውን እዚህ የፈለገ ምንም አያገኝም ነበር። የውጭ ጉዳይን መግለጫዎች ለብቻ ማየት ግድ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝርም ለየብቻ ይታያል። ኅብረቱ በማርች 2021 ማዕቀብ የጣለው በኤርትራ ብሔራዊ ደኅንነት ቢሮ ላይ ሲሆን፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመዘገበችው የቢሮውን ኃላፊ አብርሃ ካሳን ነው።

ባንክና ንግድ ቤቶችን የሚያስቸግረው የ50 በመቶ ደንብ ነው። የታገዱ ሰዎች በድምሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የያዙት ድርጅት ስሙ ባይዘረዘርም ታግዷል፤ ሁለት የታገዱ ጄኔራሎች 25 በመቶ 25 በመቶ ከያዙ በቂ ነው። ደንቡ የሚቆጥረው ድርሻን እንጂ ሥልጣንን አይደለም፣ ሰውየው ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ብቻ ድርጅቱን አያሳግድም። መፈለጊያው ስለ ባለአክሲዮኖች የሚነግረን የለም፤ ያንን ከንግድ ምዝገባ ሰነድ ማውጣት ነው።

ከዝርዝሩ የተነሳ ሰውም ከውጤቱ ይጠፋል፣ ቀድሞ እንደነበረ የሚናገር ምልክትም የለም። ለቀድሞው የቢሮውን የቅርብ ጊዜ እርምጃዎች ገጽ በዓመት እየከፈቱ ማየት ያስፈልጋል። የፍለጋ ውጤት ስታስቀምጡ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተጠቀማችሁበትን ነጥብ፣ ከገጹ ግርጌ ያለውን ዝርዝሩ የታደሰበትን ቀን አብራችሁ ያዙ።