የሳሎናችንን ድምፅ ላስተካከለልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ወር ጀሞ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ሆም ቴአትር (የፊልም ድምፅን ከዙሪያ የሚያሰሙ ስፒከሮች ስብስብ) መርጦ የገጠመልንን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባኝ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ለምታስቡም ጥቆማ እንዲሆናችሁ ይህን ጽፌአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ምክንያት ነው። ጆሯቸው ደከም ስላለ ፊልም በከፈትን ቁጥር «ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁናል፤ ድምፁን ስንጨምርላቸው ደግሞ ሙዚቃውና ተኩሱ ቤቱን ይሞላዋል እንጂ ንግግሩ አይለይላቸውም። እኔም መፍትሔው ቁመታቸው ወገቤ የሚደርስ ትልልቅ ስፒከሮች መግዛት መስሎኝ ገንዘብ አዘጋጅቼ ነበር። ባለሙያው ግን ሱቅ ከመሄዳችን በፊት «ቤቱን ልየው» ብሎ መጣ፤ ሳሎኑ መሐል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበና ድምፁ በብሎኬቱ ግድግዳና በሴራሚኩ ወለል መካከል ሲመላለስ አሰማን። እንዲህ ባለ ክፍል ጉልበት መጨመር ማስተጋባቱን ማባስ እንደሆነ የገባኝ በዚያች አንዲት ጭብጨባ ነው።

የመከረን 5.1 የሚባለውን፣ መጠናቸው መካከለኛ የሆኑ አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ያለውን እንድንገዛና ከገንዘቡ ላቅ ያለውን ለመሐለኛው ስፒከር እንድናውል ነበር፤ የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነውና። ሱቅ ውስጥም ጀርባቸውን እያገላበጠ ኦማቸው (የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው) ስፒከሮቹን ከሚያሠራው አምፕሊፋየራችን ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጥ አንዱንም አላስከፈለኝም።

መሐለኛውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አድርጎ፣ ፊቱ ወደ አባቴ ጆሮ እንዲያቀና ከፊት በኩል ትንሽ ጎማ ደገፈለት። የኋለኞቹን ሁለቱን ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ሰቀላቸው። ሰብዉፈሩን ግን እኔ ባሰብኩት ጥግ አላኖረውም፤ አባቴ በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጥቶ ሙዚቃ ከከፈተ በኋላ፣ ራሱ በግድግዳው ዙሪያ እየዳኸ አዳመጠና ወፍራሙ ድምፅ ሳያጉረመርም ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ከበረንዳው በር አጠገብ አገኘለት። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሰብዉፈሩ ብቻ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ የእያንዳንዱ ገመድ ቀይና ጥቁር ጫፍ በየቦታው መግባቱን አንድ በአንድ አየ።

ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ እንድንጨምር ነግሮን ነበር፤ እነዚያን ስናስገባ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ መጥቶ ድምፁን እንደገና አስተካከለ። ይህ ለእኔ ከሁሉ በላይ ነው። አሁን አባቴ ድምፁ ከበፊቱ ዝቅ ብሎም ንግግሩን ሳይጠይቁን ይከታተላሉ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤታችሁን አሳዩት።