14 ቅጽ፣ 11 ወር፣ አንድ ማስቲሽ

አክስቴ ባለፈው መስከረም ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ልብስ ይኖራል ብለን ነበር። ግማሹ መጽሐፍ ሆኖ አረፈው። የሮበርት ጆርዳን ምናባዊ ልብ ወለድ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም»፣ 14ቱም ቅጽ፣ ያገለገለ። እማዬ «ይሄን ሁሉ መቼ ልትጨርሰው ነው?» አለችኝ። ነሐሴ ላይ ጨረስኩት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መብራት በጠፋ ማታ በስልክ ባትሪ ማንበብ ዓይን ይጨርሳል። ከሁሉም ረጅሙ 4ኛው ቅጽ ደግሞ መሐሉ ላይ ለሁለት ተገመሰ። ፒያሳ አንድ ሊስትሮ ጋ ወሰድኩት። እንደ ጫማ ሶል በወስፌ እየወጋ ሰፋው፤ ማስቲሽ ለቀለቀበት። «ጌታዬ፣ ከእንግዲህ ውኃም አያስገባ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አንድ ገጽ አልለቀቀም። ሽታው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ታሪኩስ? እስከ 6ኛው ድረስ እንቅልፍ ይነሳል። ናይኒቭ የምትባል ፈዋሽ አለች፤ በተናደደች ቁጥር ሹሩባዋን ትጎትታለች። የምትናደደው ደግሞ ሁልጊዜ ነው። መጀመሪያ አሳቀችኝ፣ ቀጥሎ አሰለቸችኝ፣ በመጨረሻ ናፈቀችኝ።

10ኛው ላይ ግን ተሸነፍኩ። ሰው ይታጠባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይመካከራል፤ ነገሩ ከቆመበት ንቅንቅ የለም። ከፋሲካ በፊት ዘግቼ አስቀመጥኩት። የመለሰኝ የሰኔ ዝናብ ነው።

ጆርዳን ሳይጨርሰው በፈረንጆቹ 2007 ሞተ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች ብራንደን ሳንደርሰን ከማስታወሻው ተነስቶ ጻፋቸው። ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ይገባዋል፤ የፋሲልና የኢያሱ ግንብ አጥሩ አንድ ነው፣ እጁ ግን ሁለት። በተለይ ማት የሚባለው ገጸ ባሕርይ ላይ ያስታውቃል። የጆርዳን ማት ሳያስበው ያስቃል፤ 12ኛው ላይ ለማሳቅ ይታገላል። ደግነቱ ሳንደርሰን አያንቀረፍፍም። የመጨረሻው ጦርነት አንዱ ምዕራፍ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያህላል፤ ማታ ጀምሬው ነጋብኝ።

የመዝጊያውን ትዕይንት ግን ጆርዳን ራሱ ከመሞቱ በፊት ጽፎት ነበር። እዚያ ስደርስ የቀድሞውን ሰውዬ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። እማዬ ታምሜ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

አሁን 1ኛውን የጎረቤታችን ልጅ ወስዶታል። 10ኛው ላይ እንዲታገስ መክሬዋለሁ። ስለ ማስቲሹ ግን ምንም አላልኩትም።